ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ፦ ሀዲዱን ያቀዱት፣ ባቡሩን ያልደረሱበት መሃንዲስ

ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ እንዲዘልቅ የታቀደው የ390 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መስመር ግንባታ በ2007 ዓ.ም ሲጀመር የሰሜን ወሎ ሕዝብ ሀዲድ በምድሩ ሲነጠፍ ለማየት በቅቷል። ሐራ ገበያ ከወልድያ ከተማ አቅራቢያ የምትገኝ በመሆኗ ወደ ቅዱስ ላሊበላ ለሚጓዘው ምዕመንና ጎብኚ የላስታ ተራሮች መግቢያ በር ናት ማለት ይቻላል። መስመሩ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በተካሄደው ጦርነት ሳቢያ በ2014 ዓ.ም ለጉዳት የተዳረገ ቢሆንም፣ የኢትዮጵያን ደጋ በሀዲድ ከባህር ጋር የማገናኘቱ ሃሳብ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነው። ከዚህ ሃሳብ ጋር ስማቸው አብሮ የሚነሳው ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ የነበሩት ስዊዘርላንዳዊው መሃንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ናቸው።

ኢልግ እ.ኤ.አ. መጋቢት 30 ቀን 1854፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1846 ዓ.ም፣ በሰሜን ምሥራቅ ስዊዘርላንድ በምትገኘው የፍራውንፌልድ ከተማ ተወለዱ። በመጀመሪያ የብረታ ብረት የእጅ ሙያ ተምረው፣ ቀጥሎም በዙሪክ በሚገኘው ስመ ጥር የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው በምህንድስና ሰልጥነዋል። መዶሻና ሞረድ ይዘው ማደጋቸው በኋላ ላይ ከዲፕሎማቸው የማይተናነስ ጥቅም እንደሰጣቸው ከሥራ ታሪካቸው መረዳት ይቻላል።

በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ የአውሮፓን የእጅ ጥበብ ወደ አገራቸው የሚያስገባ ባለሙያ ይፈልጉ ነበር። ጥያቄያቸው በኤደን ወደብ በነበረ አንድ የስዊዘርላንዳውያን የንግድ ቤት በኩል ተላልፎ ከወጣቱ መሃንዲስ ጆሮ ደረሰ። የ24 ዓመቱ ኢልግ ሁለት የአገራቸውን የእጅ ባለሙያዎች አስከትለው በ1870 ዓ.ም ከአውሮፓ ተነሱ። ከዘይላ የባህር ዳርቻ ጀምሮ የነበረው ጉዞ በግመል ቅፍለት የሚከናወን፣ ውሃ በሌለበት በረሃ የሚያቋርጥ፣ በየኬላውና በየባላባቱ ደጅ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነበር። አንኮበር የደረሱት በቀጣዩ ዓመት በ1871 ዓ.ም፣ ከአገራቸው ከወጡ ከሰባት ወር በላይ ከቆዩ በኋላ ነው። የባቡር ሃሳብ በአእምሯቸው የተተከለው በዚሁ ጉዞ ላይ ነው ብሎ መገመት አያስቸግርም።

የቤተ መንግሥት አገልግሎታቸው አጀማመር በቃል ሲነገር የኖረ ታሪክ አለው። ንጉሡ የመሃንዲሱን ችሎታ ለመፈተን ጫማ እንዲሰፉላቸው እንዳዘዙ፣ ኢልግም ሳያቅማሙ ሰፍተው እንዳቀረቡ ይነገራል። ቀጥሎ የታዘዙት ጠመንጃ እንዲሠሩ ነበር። ኢልግ ከውጭ መግዛቱ እንደሚረክስ ለማስረዳት ቢሞክሩም ንጉሡ በጄ አላሉም፤ ጠመንጃው ከብዙ ድካም በኋላ ተሠርቶ ሲቀርብላቸው በደስታ ተቀብለው አስቀመጡት ይባላል። ታሪኩ በአፍ ሲተላለፍ ጥቂት ማጣፈጫ ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ቁም ነገሩ ግን ምኒልክ አንድን ነገር በአገር ውስጥ መሥራት ይቻላል አይቻልም የሚለውን በራሳቸው ዓይን አይተው ማረጋገጥ የሚሹ መሪ እንደነበሩ፣ ኢልግም ይህን ፈጥነው የተረዱ ሰው እንደነበሩ ማመልከቱ ነው።

አማርኛን በሚገባ የተማሩት ኢልግ ከጫማና ከጠመንጃ አልፈው ወደ ከባድ ሥራ ለመሸጋገር ጊዜ አልወሰደባቸውም። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠርተዋል። ማሽን በሌለበት፣ ግንዱ በሰው ትከሻ ተሸክሞ በሚመጣበት፣ ብረቱ በእጅ ተቀጥቅጦ በሚዘጋጅበት ዘመን ይህ ቀላል ሥራ አልነበረም። ከእንጦጦ ተራራ ወደ ታችኛው ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ እንዲወርድ ያደረጉትም እርሳቸው ናቸው። ውሃው ከተራራ ወደ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ወደ ግቢው ጉብታ ሲወጣ ያየው የከተማው ሰው መገረሙ አልቀረም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ከተቆረቆረች በኋላ በቤተ መንግሥቱ ሕንፃዎች ሥራ፣ በፖስታ ቴምብርና በምኒልክ ብር ዝግጅት ሁሉ የኢልግ እጅ አለበት።

ከዚሁ ጋር ነጋዴም ነበሩ። በሐረር ተቀምጦ ይነግድ ከነበረው ፈረንሳዊ ባለቅኔ አርተር ራምቦ ጋር ስለ ሸቀጥ፣ ስለ ግመል ኪራይና ስለ ገንዘብ ዝውውር ለዓመታት የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ዛሬም ይገኛሉ። ደብዳቤዎቹን ያነበበ ሰው የዚያን ዘመን ትልቅ ራስ ምታት ዕቃ ማጓጓዝ እንደነበረ ይገነዘባል። ግመል ይታጣል፤ ዝናብ መንገድ ይዘጋል፤ ቅፍለቱ በረሃ ላይ ይዘረፋል፤ በዳርቻው የደረሰ ሸቀጥ ሸዋ እስኪገባ ወራት ያልፋሉ።

የባቡርን ጉዳይ ኢልግ ለምኒልክ ያቀረቡት ገና በመጀመሪያዎቹ የቆይታ ዓመታቸው ነበር። ነገሩን ለማስረዳት አነስተኛ የባቡር ሞዴል ሠርተው በንጉሡ ፊት እንዳሳዩ ይወሳል። ሆኖም ያን ጊዜ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ እንጂ ንጉሠ ነገሥት ስላልነበሩ፣ የባህር በሩን የሚነካ ውል በራሳቸው ሥልጣን ሊዋዋሉ የሚችሉበት ሁኔታ አልነበረም። ሃሳቡ ከአሥር ዓመት በላይ በይደር ቆየ።

ምኒልክ በ1882 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ ጉዳዩ እንደገና ተነሳ። እዚህ ላይ የጊዜውን ሁኔታ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1881 ዓ.ም በወሎ ውጫሌ ላይ ከኢጣሊያ ጋር የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጽ የትርጉም ልዩነት ምክንያት የአገሪቱን ነፃነት ጥያቄ ውስጥ አስገብቶት ነበር። ምኒልክ ውሉን ማፍረሳቸውን ለኃያላን መንግሥታት ያሳወቁት በየካቲት 1885 ዓ.ም ነው። የባቡር መስመሩ ጥናት በኢልግ አማካይነት እንዲካሄድ የፈቀዱትም በዚያው በየካቲት ወር ነበር። ሁለቱ ውሳኔዎች በአንድ ወር ውስጥ መተላለፋቸው እንዲያው አጋጣሚ ተደርጎ የሚታለፍ አይመስልም። በጠላት እጅ ባልሆነ ወደብ በኩል ዕቃና መሣሪያ በፍጥነት ማስገባት መቻል ለኢትዮጵያ የህልውና ጉዳይ ሆኖ ነበርና።

በመጋቢት 1886 ዓ.ም ኢልግና ፈረንሳዊው ነጋዴ ሌዎን ሼፍኖ የኢትዮጵያን የምድር ባቡር ለመሥራት የ99 ዓመት ፈቃድ ከንጉሠ ነገሥቱ ተቀበሉ። ውሉ መስመሩን በሦስት ክፍል ያስቀመጠ ነበር። የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ ይደርሳል። ኩባንያው ከሀዲዱ ጎን የቴሌግራፍ መስመር የመዘርጋት ግዴታ ሲኖርበት፣ ንጉሠ ነገሥቱ የአክሲዮን ድርሻና ከሦስት ሚሊዮን ፍራንክ በላይ ከሚገኘው ትርፍ ግማሹን የማግኘት መብት ነበራቸው። በወረቀት ላይ ሲታይ ለአገሪቱ የሚጠቅም ውል ነበር። ነገር ግን ገንዘቡን ማን ያመጣል፣ ገንዘብ ያመጣው ወገንስ በኩባንያው ላይ ምን ሥልጣን ይኖረዋል የሚለው ጥያቄ በቂ መልስ አላገኘም ነበር። የኢልግ ሕይወት ሁለተኛ አጋማሽ የታመሰው በዚሁ ጥያቄ ነው።

ሥራው ሳይጀመር የአድዋ ጦርነት መጣ። በመስከረም 1888 ዓ.ም የክተት አዋጅ ታውጆ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር በጥቅምት ከአዲስ አበባ ተነስቶ በወረኢሉና በወሎ ደጋ አቋርጦ ወደ ትግራይ አመራ። የላስታና የዋግ ጦር በዋግሹም ጓንጉል መሪነት ከዘመቻው ተቀላቅሏል። ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን ነው። ከክተት አዋጁ እስከ ድሉ ድረስ አምስት ወር ከመንፈቅ ያህል አልፏል። ስንቁ በአጋሰስና በበቅሎ፣ ከዚያም በላይ በሴቶችና በወንዶች ጀርባ የተጓዘ ሲሆን፣ በየተራራው የወደቀው የጋማ ከብት ለቁጥር የሚያስቸግር ነበር። በመንገድና በስንቅ ጉዳይ የሚሠራ ማንኛውም ባለሙያ ይህን ዘመቻ ከጀግንነት ባሻገር የመጓጓዣ ታሪክ አድርጎ ቢያነበው ብዙ ይማርበታል።

ከድሉ በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት መልእክተኞች ወደ አዲስ አበባ ጎረፉ። በቋንቋ ችሎታቸውና በንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ባላቸው አመኔታ ኢልግ የማይታለፉ ሰው ሆኑ። በ1889 ዓ.ም የመንግሥት አማካሪነት ማዕረግ ተሰጣቸው። አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1895 በአገራቸው ፋኒ ጋቲከር የተባሉ ወይዘሮ አግብተው ወደ አዲስ አበባ አምጥተው ስለነበር፣ ልጆቻቸው በዚሁ ከተማ ተወልደዋል። የኢልግ ቤት ከውጭ ለሚመጣ መልእክተኛ ሁሉ የመጀመሪያ ማረፊያ ነበር።

ይሁንና በዚህ ወቅት ኢልግ የተቀመጡበት ቦታ ዛሬ በማንኛውም መሥሪያ ቤት የጥቅም ግጭት ተብሎ የሚጠራው እንደነበር ሳይጠቅሱ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። በአንድ በኩል ከውጭ መንግሥታት ጋር በሚደረግ ድርድር የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ናቸው። በሌላ በኩል ከዚያው መንግሥት ፈቃድ የወሰደ ኩባንያ ባለድርሻ ናቸው። ሁለቱን ኃላፊነቶች ለዓመታት አብረው መሸከም መቻላቸው የግል ታማኝነታቸውን ያሳያል የሚሉ አሉ። ውሉ ከኢትዮጵያ እጅ ሲወጣ ግን አስቀድሞ ሊያስጠነቅቅ የሚችል፣ በኩባንያው ውስጥ ጥቅም የሌለው ሰው በንጉሠ ነገሥቱ አጠገብ አልነበረም።

ግንባታው በ1890 ዓ.ም መግቢያ ላይ ከጅቡቲ ተጀመረ። በአንድ ሜትር ስፋት የሚነጠፈው ሀዲድ ከባህር ወለል ተነስቶ በድንጋያማ በረሃ ይወጣል። ውሃ ከሩቅ ይቀዳል። የአካባቢው አርብቶ አደሮች መሬታቸውና የግመል ኪራይ ገቢያቸው መነካቱን አይተው የሥራ ሰፈሮችን ያጠቁ ስለነበር የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በሆልሆል ሸለቆ ላይ የተሠራው ረጅም የብረት ድልድይ የዚያ ዘመን ትልቅ የምህንድስና ውጤት ነበር። ከሁሉ የሚከብደው ግን ዳገቱ ነው። በመጀመሪያው ዕቅድ ሀዲዱ ሐረር መግባት ነበረበት። ሐረር ግን ከ1 ሺህ 800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ከስርዋ ያለው ዳገት ለባቡር የማይመች ከተማ ናት። መሃንዲሶቹ ከተራራው ግርጌ በቆላው በኩል ማለፍን መረጡ። ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሀዲዱ በታህሳስ 1895 ዓ.ም የደረሰበት ቦታ ድሬዳዋ ሆነ። ከተማዋ የባቡር ልጅ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ የምህንድስና ውሳኔ የላስታን ዕጣም አብሮ የሚያስረዳ ነው። የላሊበላ ከተማ በ2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በስተጀርባዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4 ሺህ ሜትር ያልፋል። ተከዜን የመሰለ ወንዝ የሚመነጭበት፣ ገደሉ ገደል የሚወልድበት አገር ነው። ለሐረር ዳገት ገንዘብና ብልሃት ያጠረው ኩባንያ ወደ ላስታ ሊያማትር እንደማይችል ግልጽ ነበር። በመሆኑም ለገና በዓል ወደ ላሊበላ የሚተመው ምዕመን ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከትግራይና ከሸዋ በእግሩ ሳምንታት መጓዙን ቀጠለ። ባለጸጋው በበቅሎ፣ ድሃው በዱላው ተደግፎ፣ ስንቁን በአቁማዳ ይዞ ነበር የሚጓዘው። የመኪና መንገድ በአዲስ አበባ፣ በደሴና በወልድያ በኩል ወደ አስመራ የተዘረጋው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከወልድያ የድልብን ዳገት ወጥቶ በጋሸና በኩል ወረታ የሚደርሰው፣ የአካባቢው ሰው የቻይና መንገድ እያለ የሚጠራው መስመር የተሠራው ደግሞ በደርግ ዘመን በቻይና ድጋፍ ነበር። ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚገነጠለው ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን መንገድ ነው። ከመርካቶው አውቶቡስ ተራ ጎህ ሳይቀድ የተሳፈረ መንገደኛ ደሴ ወይም ወልድያ አድሮ በሁለተኛው ቀን ላሊበላ ይገባ ዘንድ የቻለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ወደ ኢልግ ታሪክ ስንመለስ፣ የድሬዳዋ መዳረሻ የደስታ ቀን መሆን ሲገባው የመራራ ጠብ መጀመሪያ ሆነ። ኩባንያው ከጅምሩ በቂ ገንዘብ ስላልነበረው ከእንግሊዝ ባለሀብቶች መበደር ጀምሮ ነበር። ሀዲዱ በእንግሊዞች እጅ እንዳይገባ የሰጋው የፈረንሳይ መንግሥት በ1894 ዓ.ም ከኩባንያው ጋር ስምምነት አደረገ። በስምምነቱ መሠረት ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500 ሺህ ፍራንክ ድጎማ ይሰጣል፤ በለውጡ በኩባንያው ሥራ ላይ የመቆጣጠር መብት ያገኛል። ለግል ኩባንያ የተሰጠው ፈቃድ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ሳይጠየቁ በተዘዋዋሪ ለውጭ መንግሥት ተላለፈ ማለት ነው። ምኒልክ ይህን ባወቁ ጊዜ ክፉኛ ተቆጡ። ሀዲዱ ከድሬዳዋ አልፎ እንዲቀጥል ፈቃዳቸውን ነፈጉ።

ባቡሩ ድሬዳዋ ላይ ቆመ። ለኩባንያው ይህ ከሞት የማይተናነስ ነበር፤ ምክንያቱም ትርፍ የሚገኘው ከደጋው ቡና፣ ቆዳና ሰም እንጂ ከበረሃው አልነበረም። ለምኒልክም ቢሆን ቀላል ምርጫ አልነበረም። ዋና ከተማቸው የባቡሩን ጥቅም እየፈለገች፣ ሉዓላዊነት ከፍጥነት ይቀድማል ብለው መስመሩን ማስቆማቸው ዋጋ ያስከፈለ ውሳኔ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን በመሃል የተጨነቁት ኢልግ ሳይሆኑ አይቀሩም። ኩባንያውን የመሠረቱት እርሳቸው ናቸው፤ ኩባንያው ያጠፋውን ጥፋት ለንጉሠ ነገሥቱ ማስረዳት ያለባቸውም እርሳቸው ናቸው። ለፈረንሳይ ያደላሉ የሚለው ሐሜት በሌሎች ሌጋሲዮኖች ዘንድ ሲናፈስ፣ በቤተ መንግሥቱም የነበራቸው ቦታ ቀስ በቀስ መሳሳት ጀመረ።

በታህሳስ 1899 ዓ.ም እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ስለ ኢትዮጵያ የሦስትዮሽ ስምምነት ሲፈራረሙ የባቡር መስመሮችም በወረቀት ላይ ተከፋፈሉ። እስከ አዲስ አበባ ያለው ለፈረንሳይ፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው ለእንግሊዝ፣ ኤርትራን ከሶማሊያ የሚያገናኘው ደግሞ ለኢጣሊያ ተመደበ። የአገሩ ባለቤት ሳይጠየቅ በአገሩ ላይ ሀዲድ ሲታደል ማለት ነው። ምኒልክ ስምምነቱ ሥልጣናቸውን ምንም እንደማይቀንስ ገልጸው መልስ ሰጡ። የኢልግና የሼፍኖ ኩባንያ ግን ከዚህ በኋላ ሊያንሰራራ አልቻለም፤ በኪሳራ ፈረሰ። ፈቃዱ በጥር 1900 ዓ.ም የንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም በነበሩት በጓዴሎፕ ተወላጁ ዶክተር ቪታሊየን በኩል ለአዲስ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ኩባንያ ተሰጠ።

ያን ጊዜ ኢልግ አዲስ አበባ አልነበሩም። 27 ዓመት ያህል ያገለገሉበትን አገር ለቀው ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ዙሪክ ተመልሰዋል፤ የአማካሪነት ሥራቸውንም አስረክበዋል። ከኢትዮጵያ ያሰባሰቧቸው ዕቃዎችና ፎቶግራፎች በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የኢትኖግራፊ ሙዚየም የሚገኙ ሲሆን፣ የዘመኑን አዲስ አበባ፣ ገበያውን፣ የግመል ቅፍለቱንና የሀዲዱን ሥራ ለሚያጠና ሰው ጠቃሚ ምንጭ ናቸው። በ24 ዓመት ዕድሜያቸው ጫማ እንዲሰፉ የታዘዙት ሰው የአንድ አገር ለውጥ በዓይናቸው አይተው፣ ዋናው ሥራቸው ግን በሌላ ሰው ስም ሲቀጥል ከሩቅ መከታተል ዕጣቸው ሆነ።

ሥራው ከድሬዳዋ እንደገና ቀጥሎ በበረሃው አቋርጦ ወደ አዋሽ አመራ። ምኒልክ በታህሳስ 1906 ዓ.ም አረፉ። ቀጥሎ የተነሳው የአንደኛው የዓለም ጦርነት የሀዲድና የመለዋወጫ አቅርቦትን ስላስተጓጎለ የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች በዝግታ ተገፉ።

አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. ጥር 7 ቀን 1916 በዙሪክ በ61 ዓመታቸው አረፉ። ዕለቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታህሳስ 28 ቀን 1908 ዓ.ም፣ ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር የገና በዓል የተከበረበት ቀን ነው። በዚያች ዕለት በላስታ ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣው ምዕመን በቤተ ማርያም ዙሪያ ተሰብስቦ፣ ካህናቱ ከላይ ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉ ሲያሸበሽቡ እንደ ወትሮው ያደረ መሆኑ የታወቀ ነው። የመንገደኛውን ድካም ለማቅለል ዕድሜያቸውን የሰጡት መሃንዲስ ሞት እዚያ ድረስ የሚሰማ ወሬ አልነበረም።

ባቡር አዲስ አበባ የገባው በቀጣዩ ዓመት በ1909 ዓ.ም ነው። በዚያው ዓመት መባቻ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሽረው፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ጦር በሰገሌ ተሸንፎ፣ ንግሥት ዘውዲቱ ነግሠዋል። ከወሎ ደጋ እስከ ሰገሌ በእግሩ የዘመተው ሠራዊት የተረፈው በእግሩ ተመልሷል። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ከጅቡቲ የተነሳ መንገደኛ 784 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ ተቀምጦ አዲስ አበባ መግባት ቻለ። ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ ተሳፋሪው ድሬዳዋና አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን ይደርስ ነበር። ኢልግ ከሰባት ወር በላይ የፈጀባቸው መንገድ ከባህር ማዶ የመርከብ ጉዞውን ጨምሮ ወደ ሳምንታት ወረደ።

ቋሚው የአዲስ አበባ ጣቢያ በኅዳር 1922 ዓ.ም ተመረቀ። ፈረንሳዮች ጣቢያ ለማለት ከሚጠቀሙበት ቃል የተገኘው ለገሃር የሚለው ስያሜ የሰፈሩ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ሞጆና አዳማን የመሳሰሉ ከተሞች በሀዲዱ ዳር አደጉ። ሊቶሪና የሚባለው ፈጣን የመንገደኞች ባቡር ለብዙ ኢትዮጵያውያን የልጅነት ትዝታ ነው። አሮጌው መስመር እያረጀ ሄዶ በ2000 ዓ.ም አካባቢ ወደ አዲስ አበባ የነበረውን አገልግሎት አቋረጠ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም ተመርቆ፣ በታህሳስ 2010 ዓ.ም መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል። ከአዋሽ ወደ ሐራ ገበያ የሚገነጠለው መስመርም መነሻው ይኸው የምሥራቁ ሀዲድ ነው። ኢልግ የተዋዋሉት ሦስተኛው ክፍል፣ በከፋ በኩል ነጭ ዓባይን የሚነካው፣ እስከ ዛሬ አልተሠራም።